በልጅ ስም የተጠራው የአባት ሥራ

የአለቃ ገብረ ሐናን ስም ያልሰማ ኢትዮጵያዊ ያለ አይመስለኝም። ቴሌግራም ላይ፣ ቲክቶክ ላይ፣ ሰርግ ቤት፣ ኧረ ለቅሶ ቤትም ሳይቀር ቀልዳቸው ይነገራል። ለነገሩ በስማቸው ከሚነገረው ውስጥ ስንቱን እሳቸው እንዳሉት እግዜር ይወቀው፤ ባለቤት የሌለው ቀልድ ስናገኝ ለአለቃ ማስረከብ ልማዳችን ነው። ዛሬ ግን አንድም ቀልድ አልነግራችሁም። የምነግራችሁ ስለ አባትነታቸውና ስለ አሰልጣኝነታቸው ነው።

አዎ፣ አሰልጣኝነት! ቃሉን የመረጥኩት አውቄ ነው። እኔ እዚህ ደብረ ታቦር ቅዳሜ ቅዳሜ የሰፈር ልጆችን ኳስ አሰለጥናለሁ። አባታችን ሆይ ብለን እንጀምራለን፤ ፍልሰታ ሲሆን ልጆቹ ስለሚጾሙ ብዙ አላሯሩጣቸውም። ከመሐላቸው አንዱ የራሴ ልጅ ነው። የራስን ልጅ ማሰልጠን ምን ማለት እንደሆነ የቀመሰ ያውቀዋል። ብታመሰግነው አዳላ ትባላለህ፤ ብትቆጣው ቁጣው ቤት ድረስ አብሯችሁ ይገባል። ይሄን ነገር ሳወጣ ሳወርድ ትዝ የሚለኝ የአውሮፓ ክለብ አሰልጣኝ አይደለም። ከዚሁ ከደቡብ ጎንደር የወጡት ሊቅ፣ አለቃ ገብረ ሐና ናቸው።

አለቃ በ1814 ዓ.ም. ፎገራ ውስጥ፣ ናበጋ በሚባል አገር እንደተወለዱ ታሪካቸው ይናገራል። ፎገራን ዛሬ በሩዙ ታውቁታላችሁ፤ ከደብረ ታቦር ደጋ ወደ ወረታ ስትወርዱ እስከ ጣና ዳር የተዘረጋው ሜዳ ነው። ጊዜው ዘመነ መሳፍንት ነበር። የየጁ ራሶች ደብረ ታቦር ተቀምጠው አገሩን ያዝዛሉ፤ ጎንደር ላይ ንጉሥ አለ ይባላል እንጂ ሥልጣኑ በእጁ የለም። በዚያ ሁሉ ግርግር መሐል ለአንድ የገጠር ልጅ ክፍት የነበረው ትልቁ በር የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ነው። ደበሎ ለብሶ፣ አኩፋዳ አንግቶ፣ ቁራሽ እየለመኑ ከየኔታ ወደ የኔታ መሄድ።

ገብረ ሐናም በዚያ በር ገቡ። ቅኔው ተዋጣላቸው፣ ፍትሐ ነገሥቱን አወቁት፣ ጎንደር ላይ ለማስተማር በቁ። በዚያ ዘመን ጎንደር ላይ መምህር መሆን ቀላል ነገር እንዳይመስላችሁ። ከተማው በሊቃውንት የተሞላ ነው፤ አንዲት ቃል ቢሳሳቱ የሚያርም አይጠፋም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። አቋቋም የሚባለውን ታውቁታላችሁ? በጥምቀት ወይም በመስቀል ሊቃውንቱ ነጭ ለብሰው፣ ትይዩ ተሰልፈው፣ መቋሚያ ይዘው ሲዘምሩ ያያችሁት እሱ ነው። ዜማው ከቅዱስ ያሬድ፣ ከ6ኛው ክፍለ ዘመን አክሱም የመጣ ነው ይባላል። እንቅስቃሴው ግን ደስ ስላላቸው ብቻ የሚወዛወዙት አይደለም፤ ራሱን የቻለ ትምህርት ነው፤ ዓመታት ይፈጃል። መጀመሪያ ከበሮ ሳይገባ፣ በመቋሚያ ብቻ፣ ረጋ ተብሎ ይዜማል፤ ዝማሜ ይሉታል። ቀጥሎ ከበሮና ጸናጽል ሲገባ መረግድ ይሆናል። ከዚያ እየፈጠነ ይሄድና ጭብጨባው ይጨመራል፤ እሱ ጽፋት ነው። እግር፣ እጅ፣ ትንፋሽና ዜማ አንድ ላይ መሄድ አለባቸው። አንዱ ከሳተ ረድፉ በሙሉ ይበላሻል። በእኛ በኳሰኞቹ ቋንቋ፣ በቃ የቡድን ሥራ ነው።

ልዩነቱ፣ እዚህ ተመልካቹ እግዚአብሔር ነው። መምህራኑ መቋሚያው መስቀሉን፣ ጸናጽሉ የያዕቆብን መሰላል፣ ወዲያና ወዲህ ማለቱ ደግሞ ክርስቶስ በመከራው ጊዜ መገፋቱን ያስታውሳል ብለው ያስተምራሉ። ስለዚህ አንድ ልጅ እጁን እንዴት እንደሚያነሣ ሲማር ጸሎት እየተማረ ነው።

አለቃ ገብረ ሐና በአንድ ወቅት ከጎንደር ርቀው፣ በጣና ላይ ባለው በሬማ መድኃኔዓለም ገዳም ተቀምጠው ነበር ይባላል። ከአፄ ቴዎድሮስ ጋር ስላልተስማሙ ነው የሚሉ አሉ። እንደሚተረከው እዚያ ሳሉ የሐይቁን ማዕበል ልብ ብለው ያዩ ነበር። ውኃው ሲመጣ ዳር ላይ የበቀለው ሁሉ ወደ አንድ ጎን ያዘነብላል፤ ሲመለስ ወደ ሌላው። ማንም አይሰብረውም፣ ማንም አያስቸኩለውም። ከዚያ ነው አዲሱን የዝማሜ ስልት ያወጡት። የቆየው የጎንደር እንቅስቃሴ ከላይ ወደ ታች የሚበዛበት ሲሆን የእሳቸው ግን ወደ ጎን፣ ከግራ ወደ ቀኝ የሚል፣ ማዕበል የመሰለ ሆነ።

ታዲያ ይሄን ይዘው ወደ ሊቃውንቱ ሲቀርቡ ምን ተባሉ? አይሆንም ተባሉ ነው የሚባለው። የጎንደር መምህራን ከአባቶች የተቀበሉትን ሥርዓት ጠባቂዎች ናቸው፤ አዲስ ነገር ዝም ብሎ አይገባም። በእነሱ አልፈርድም። ያሬዳዊው ዜማ ይህን ሁሉ ዘመን የቆየው እንዲህ የሚከላከሉለት ሰዎች ስላሉት ነው። በዚያ ላይ የአለቃ አንደበት የታወቀ ነው። ያልነኩት መኳንንት፣ ያላስቀየሙት ባለሥልጣን የለም ይባላል። ከእንዲህ ዓይነት ሰው አፍ አዲስ ነገር ሲመጣ፣ ነገሩን ከሰውየው ለይቶ ማየት ለማንም ይከብዳል።

ሰው እዚህ ላይ ሁለት ምርጫ አለው። ወይ ተቀይሞ መተው፣ ወይ ዕድሜ ልክ መጨቃጨቅ። አለቃ ሦስተኛ መንገድ አገኙ፤ ልጃቸውን ተክሌን አስተማሩ።

ይህ ማስተማር ምን ይመስል እንደነበር ሥርዓቱን የሚያውቅ ሰው መገመት አያቅተውም። ዜማ ምልክት አለው፤ ብራና ላይ ይጻፋል። የሰውነት እንቅስቃሴ ግን አይጻፍም። መምህሩ ፊት ለፊት ቆሞ ያሳያል፣ ተማሪው ያንኑ ይደግማል። መቋሚያው የት ደርሶ ይመለስ፣ ክብደቱ በየትኛው እግር ላይ ይሁን፣ ትንፋሹ መቼ ይሳብ፤ ይሄ ሁሉ በቃል ተነግሮ አያልቅም። ሰውነት ከሰውነት ነው የሚቀበለው። ዩቲዩብ በሌለበት ዘመን አባትና ልጅ ፊት ለፊት ካልቆሙ ነገሩ ከአባት ጋር መቀበሩ ነው።

ተክሌም ተቀበለ፤ እሱም በተራው አለቃ ተክሌ ለመባል በቃ። ጎንደር ላይ በር የተዘጋበት ስልት ቤቱን ያገኘው ደግሞ እዚሁ፣ ደብረ ታቦር ላይ ነው። ዛሬ ከተማችን በአቋቋም ስሟ የሚነሣው በዚህ ነው። ስልቱ ከዚህ ተነሥቶ በየአድባራቱ ገባ፤ ከጎንደሩ ላይ ቤትና ታች ቤት ጎን ለጎን በስሙ የሚጠራ ሆነ። ስሙ ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ? የገብረ ሐና አቋቋም አይደለም። የተክሌ አቋቋም ነው።

እኔን ሁልጊዜ የሚገርመኝ ይሄ ነው። አውጥተው የፈጠሩት አባት፣ የተጠራበት ልጅ። አለቃ ቀልዱን በስማቸው ተቆጥሮላቸዋል፤ ያላሉትም ሳይቀር። የደከሙበት ትልቁ ሥራ ግን ለልጃቸው ሄደ። የራሴን ግምት ልንገራችሁ፤ ሥራው ከአባት እጅ ወደ ልጅ እጅ ሲያልፍ ከአባት ጠብም አብሮ የተላቀቀ ይመስለኛል። በገብረ ሐና ስም ቢቀርብ ገብረ ሐና ምን ብለውኝ ነበር የሚል ቂም ይቀድመዋል። በተክሌ ስም ሲቀርብ ሰዎች ዝማሜውን አዩት።

በየሜዳው የማያቸው ብዙ አባቶች አሉ። ልጃቸው እነሱ ያልሆኑትን እንዲሆንላቸው መስመር ላይ ቆመው ይጮኻሉ። የእኔ ልጅ ባለፈው ዓመት በረኛ መሆን እንደሚፈልግ ነገረኝ። እኔ ስጫወት አጥቂ ነበርኩ፤ የማውቀውም ጎል ማግባት ነው። ትንሽ አሰብኩና ጓንት ገዛሁለት። አሁን በረኛ ነው፤ መቼ እንደሚወጣና መቼ እንደሚቆይ ከእኔ ይልቅ እሱ ያውቃል። እኔ የምሰጠው መቆምን፣ መታገስንና ሲሸነፍ ተነሥቶ የሌላውን እጅ መጨበጥን ነው። ሌላው የእሱ ነው። በክርስትና እምነቴ ልጅ አደራ ነው፤ አደራ ደግሞ ባለቤት አለው፣ ያ ባለቤት እኔ አይደለሁም።

አለቃ ከዚያ በኋላ ብዙ ኖረዋል። ሸዋ ወርደው በአፄ ምኒልክና በእቴጌ ጣይቱ ቤተ መንግሥት አካባቢ ከርመዋል፤ አብዛኛው የምታውቁት ቀልድ የዚያ ጊዜ ነው የሚባለው። የራሶቹን ዘመን አይተው፣ ቴዎድሮስን፣ ተክለ ጊዮርጊስን፣ ዮሐንስን አሳልፈው፣ ዐድዋንም ደረሱበት። በመጨረሻ ወደ ትውልድ አገራቸው ተመልሰው በ1898 ዓ.ም. እንዳረፉና ናበጋ ጊዮርጊስ እንደተቀበሩ ይነገራል።

በእሳቸው ዘመን ደብረ ታቦር አጠገብ፣ ጋፋት ላይ፣ አፄ ቴዎድሮስ ትልቁን መድፍ ሴባስቶፖልን አሠርተው ነበር። በስንት መከራ ተጎትቶ መቅደላ ደረሰ፤ በ1860 ዓ.ም. ንጉሡ ሲሞቱ እዚያው ቀረ፤ ዛሬም እዚያው ነው። የአለቃ ሥራ ግን አንድ መቋሚያ የሚነሣበት ስልት ብቻ ስለሆነ በሰው ሰውነት ላይ ተጭኖ ከደብረ ታቦር ወጣ፤ አዲስ አበባም ደረሰ።

በመጪው ጥምቀት ስልካችሁን አውጥታችሁ መቅረጻችሁ አይቀርም። ረድፉ በሙሉ ሳይቸኩል ወደ አንድ ጎን ሲያዘነብል፣ ከዚያ ወደ ሌላው ሲመለስ ካያችሁ ዙም አድርጉ። ያቺ እንቅስቃሴ የፎገራው አባት ልጁን ፊት ለፊት አቁሞ ያስተማራት ናት። ቀልዳቸውንም ተናገሩት፣ ደስ ይላል። ቪዲዮውን ስትለጥፉ ግን የተክሌ አቋቋም ብላችሁ ጻፉበት፤ አባትየውም በዚህ የሚከፉ አይመስለኝም።