የአንድ ሠፈር ክለብ ያሳደጋቸው ሰው፦ ይድነቃቸው ተሰማ

ይድነቃቸው ተሰማ የተወለዱት በእንቁጣጣሽ ዕለት፣ መስከረም 1 ቀን 1914 ዓ.ም. ጅማ ውስጥ ነው። ያረፉት ደግሞ በቡሄ ዕለት፣ ነሐሴ 13 ቀን 1979 ዓ.ም.፣ ስድሳ ስድስት ዓመት ሊሞላቸው ጥቂት ቀናት ሲቀሩ ነበር። በእነዚህ ሁለት በዓላት መካከል ተጫዋች፣ አሠልጣኝ፣ የኢትዮጵያ ኦሊምፒክ ኮሚቴ ዋና ጸሐፊ፣ በመጨረሻም የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ፕሬዚዳንት ሆነዋል።

ውድ አንባቢያን፣ ስለ እኚህ ሰው ለመጻፍ የተነሣሁት በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛው፣ ማኅበራችን የእግር ኳስ ቡድን ለማቋቋም እየተነጋገረ ስለሆነ ነው። ሁለተኛው፣ ቅዳሜ ጠዋት ሲልቨር ስፕሪንግ ባሉት የሐበሻ ካፌዎች የእንግሊዝ ጨዋታ ሲታይ የአርሰናልን ወይም የማንቸስተርን ታሪክ በቃሉ የሚያወርድ ወጣት አላጣም፤ ስለ ይድነቃቸው ስጠይቅ ግን የሚመልሱልኝ አባቶች ብቻ ናቸው። በእንግሊዝ ራሱ የሼፊልድ እግር ኳስ ክለብ የሚባል፣ እ.ኤ.አ. በ1857 የተቋቋመ፣ ከትልልቆቹ ሊጎች በታች የሚጫወት ትንሽ ክለብ አለ። የዓለም አንጋፋ ክለብ በመሆኑ የኳስ ወዳጅ ሁሉ ያከብረዋል። የእኛም እግር ኳስ እንዲህ ያለ ትንሽ ጅማሬ አለው፤ የይድነቃቸውም ሕይወት የሚጀምረው ከዚያ ነው።

አባታቸው ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ ናቸው። ድምፃቸውን በሸክላ ያስቀረጹ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ፣ ቅኔና ጨዋታ አዋቂ። ልጃቸው በተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤት ተማሩ። በታኅሣሥ 1928 ዓ.ም. አየለ አትናሽና ጆርጅ ዱካስ በአራዳ አካባቢ የቅዱስ ጊዮርጊስን ክለብ ሲያቋቁሙ ይድነቃቸው የ14 ዓመት ልጅ ነበሩ። ክለቡ ሜዳም፣ ገንዘብም፣ ጽሕፈት ቤትም አልነበረውም፤ የሠፈር ልጆች ስብስብ ነበር። ይድነቃቸው ከመጀመሪያዎቹ ተጫዋቾች አንዱ ሆኑ።

ክለቡ ዓመት ሳይሞላው፣ በሚያዝያ 1928 ዓ.ም.፣ የጣሊያን ጦር አዲስ አበባ ገባ። ፋሺስቶች ከተማዋን በቀለም ሲከፋፍሉ ኳስ ሜዳውንም አልተዉትም። ነጭ ከነጭ፣ ጥቁር ከጥቁር ጋር ብቻ እንዲጫወት ተደረገ። ይድነቃቸው ከ14 ዓመታቸው እስከ 19 ዓመታቸው ያለውን ጊዜ፣ አንድ ወጣት ጨዋታን በሚማርበት ዕድሜ፣ ያሳለፉት በዚህ ሥርዓት ውስጥ ነው። እኔ የኋላ ሥራቸውን ሁሉ የማነብበው ከዚህ ተነሥቼ ነው። በገዛ አገራቸው፣ በገዛ ሠፈራቸው፣ ከማን ጋር መጫወት እንደማይችሉ ተነግሯቸው ያደጉ ሰው ናቸው።

ከነፃነት በኋላ ነገሩ ተገለበጠ። እ.ኤ.አ. በ1944 የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ሻምፒዮና ሲካሄድ ቅዱስ ጊዮርጊስ የተሰለፈው ከጣሊያኖቹ ፎርቲቱዶ፣ ከአርመኖቹ አራራት፣ ከግሪኮቹ ኦሊምፒያኮስና ከእንግሊዝ ወታደራዊ ሚሲዮን ቡድን ጋር ነበር። ዋንጫውን የወሰዱት እንግሊዞቹ ናቸው። ዳሩ ግን ትናንት ተለያይተው የሚጫወቱ ሰዎች በአንድ ሜዳ፣ በአንድ ሕግ መገናኘታቸው ከዋንጫው ይበልጥ ነበር። ይድነቃቸው እስከ 1958 ድረስ ለ23 ዓመታት ከዚሁ ክለብ ሳይለዩ ተጫወቱ። በ365 ጨዋታዎች 318 ግብ እንዳስቆጠሩ ይነገርላቸዋል።

ግብ አግቢነታቸው ብቻ ቢሆን ኖሮ ዛሬ የአንድ ክለብ ደጋፊዎች ብቻ ያስታውሷቸው ነበር። ገና በሜዳ ሳሉ ግን ሌላ ሥራ ጀምረው ነበር፤ ብዙ ሰው የሚሸሸውን የስብሰባና የወረቀት ሥራ። ደንብ ያረቅቃሉ፣ ደብዳቤ ይጽፋሉ፣ ፌዴሬሽኑንና የኦሊምፒክ ኮሚቴውን ያደራጃሉ። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ1956 በሜልበርን ለመጀመሪያ ጊዜ በኦሊምፒክ ስትሰለፍ የኮሚቴው ዋና ጸሐፊ እሳቸው ነበሩ።

እ.ኤ.አ. በየካቲት 1957 የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ካርቱም ላይ ተመሠረተ። መሥራቾቹ ግብፅ፣ ሱዳን፣ ኢትዮጵያና ደቡብ አፍሪካ ነበሩ። ደቡብ አፍሪካ ግን ነጮችና ጥቁሮች የተቀላቀሉበት ቡድን አልልክም አለች፤ ወይ ነጭ ብቻ፣ ወይ ጥቁር ብቻ። ይድነቃቸውና የግብፅና የሱዳን ባልደረቦቻቸው አልተቀበሉትም። የመጀመሪያው የአፍሪካ ዋንጫ በሦስት አገሮች ብቻ ተካሄደ። ኢትዮጵያ በግማሽ ፍጻሜ የምትገጥመው ደቡብ አፍሪካን ስለነበረ በቀጥታ ለፍጻሜ አለፈች፤ በግብፅም 4 ለ 0 ተሸነፈች። አፍሪካ ገና ውድድሯን ሳትጀምር፣ አራት ቡድን እንኳ ሳይሞላላት፣ አንዱን በመርህ ምክንያት ለመተው ደፈረች። አዲስ አበባ ላይ ሜዳ በቀለም ሲከፈል ላዩት ሰው ግን ጉዳዩ የሩቅ አገር ፖለቲካ አልነበረም።

ከአምስት ዓመት በኋላ፣ በጥር 1962፣ ሦስተኛው ዋንጫ አዲስ አበባ ላይ ተዘጋጀ። ይድነቃቸው አሠልጣኝ ነበሩ። አምበሉ ሉቺያኖ ቫሳሎ ከወንድሙ ከኢታሎ ጋር ከአስመራ የመጡ፣ አባታቸው ጣሊያናዊ የሆኑ ወንድማማቾች ናቸው። ቱኒዚያን 4 ለ 2 ካሸነፉ በኋላ በፍጻሜው ግብፅን ገጠሙ። ሁለት ጊዜ ተመርተው ሁለቴም አቻ ሆኑ፤ ሉቺያኖ ሁለተኛዋን ያገባው መደበኛው ሰዓት ሊያልቅ ጥቂት ደቂቃዎች ሲቀሩት ነው። በተጨማሪው ሰዓት ኢታሎና መንግሥቱ ወርቁ አከሉበትና 4 ለ 2 ሆነ። ሉቺያኖ ዋንጫውን ከንጉሠ ነገሥቱ እጅ ተቀበለ። ኢትዮጵያ የአፍሪካን ዋንጫ የወሰደችው ያን ጊዜ ብቻ ነው።

ብዙ ሰው ታሪኩን እዚህ ላይ ያቆማል። ለእኔ ዋናው ከዚያ በኋላ ያለው ነው። ለ1966ቱ የዓለም ዋንጫ ፊፋ ለአፍሪካ፣ ለእስያና ለኦሺኒያ በጋራ አንድ ቦታ ብቻ ሲሰጥ፣ ይድነቃቸውና ጋናዊው ኦሄኔ ጃን ተቃውሞውን አስተባበሩ፤ የአፍሪካ አገሮችም ከማጣሪያው ወጡ። ለ1970 አፍሪካ የራሷን ቦታ አገኘች፤ ሞሮኮም ሜክሲኮ ሄደች። እ.ኤ.አ. በ1972 ይድነቃቸው የኮንፌዴሬሽኑ ፕሬዚዳንት ሆነው ተመረጡ፤ እስከ ሞት ድረስም ቆዩበት። በዚህ ጊዜ፣ በ1976፣ ፊፋ የአፓርታይዷን ደቡብ አፍሪካ ከአባልነት አባረረ። በ1982ም የአፍሪካ ቦታ ሁለት ሆኖ አልጄሪያና ካሜሩን ስፔን ላይ ተሰለፉ።

ሁሉም ሰው በሁሉ ነገር አልተስማማላቸውም። የአልኮልና የትንባሆ ኩባንያዎች ገንዘብ ወደ አፍሪካ እግር ኳስ እንዳይገባ ተከላክለዋል፤ ድሀ ለሆኑ ፌዴሬሽኖች ይህ ቀላል ነገር አልነበረም። ወጣት ተጫዋቾች ወደ አውሮፓ መፍለሳቸውም ያሳስባቸው ነበር። አንድ ቡድን ከውጭ የሚያስመጣቸው ተጫዋቾች ከሁለት እንዳይበልጡ የሚያዝዘው ደንብ ግን በእሳቸው ዘመን፣ በ1982፣ ተነሣ። እኛ ራሳችን የስደተኛ ልጆች ነንና የሄደን ሰው መውቀስ ይከብደኛል። ቢሆንም የዛሬን የአፍሪካ ሊጎች ባዶ መቀመጫ ሳይ ሥጋታቸው ከንቱ እንዳልነበረ አምናለሁ።

ደቡብ አፍሪካ ወደ ፊፋ የተመለሰችው እ.ኤ.አ. በ1992፣ እሳቸው ካረፉ ከአምስት ዓመት በኋላ ነው። በ1996ም የአፍሪካን ዋንጫ አዘጋጅታ ወሰደች። በ1957 በካርቱም የተጠየቀችውን፣ ሁሉም ልጆቿ የተቀላቀሉበትን ቡድን ይዛ መጣች። ይድነቃቸው ይህን አላዩም።

እዚህ አሜሪካም የእኛ ኳስ የተጀመረው በትንሹ ነው። በሰሜን አሜሪካ የኢትዮጵያውያን የስፖርት ፌዴሬሽን እ.ኤ.አ. በ1984 ሲጀምር አራት ቡድኖች ብቻ ነበሩት፤ አንዱ የዋሽንግተን ነው። ይድነቃቸው ያኔ በሕይወት ነበሩ። ዛሬ የእኛ ማኅበር ቡድን ሲያቋቁም የቀረበው አንዱ ሐሳብ ሁለት ቡድን ይሁን የሚል ነው፦ እዚህ የተወለዱት ሲልቨር ስፕሪንግ፣ በቅርቡ ከአገር ቤት የመጡት አሌክሳንድሪያ። ምክንያቱ ይገባኛል። ቤልትዌዩን አቋርጦ ለልምምድ መምጣት አድካሚ ነው፣ ግማሾቻችን አማርኛ ያንቀናል፣ ግማሾቻችን እንግሊዝኛው ያሳፍረናል። ግን እንዲህ ሲከፈል መንገድና ቋንቋ ብቻ አይለየንም፤ ከዓመት በኋላ ማን እውነተኛ ኢትዮጵያዊ ነው ወደሚል ክርክር ይዞን ይሄዳል። ቫሳሎን አምበል አድርጎ የተሰለፈው ቡድን በዚያ መመዘኛ ቢመረጥ ኖሮ ዋንጫው አዲስ አበባ ባልቀረ ነበር።

ስለዚህ ድምፄን የምሰጠው ለአንድ ቡድን ነው። ልምምዱ አንድ ሳምንት ሲልቨር ስፕሪንግ፣ አንድ ሳምንት አሌክሳንድሪያ ይሁን፤ መኪና ያለው የሌለውን ይጫን። የቀድሞ ተማሪዎችም ዳኛና አሠልጣኝ በመሆን ብታግዙን ደስ ይለናል። ደንቡን የሚያረቅቅና ደብዳቤውን የሚጽፍ ሰውም ያስፈልገናል፤ ይህን ሥራ ማንም አይፎካከርበትምና እኔ እወስደዋለሁ።