ሻምበል አበበ ቢቂላና የእግሩ ነገር

ዘንድሮ ለስፖርት ቀን ስንዘጋጅ አንድ የሰባተኛ ክፍል ተማሪያችን እግሩን እያመመው ሁለት ሳምንት ደብቆን ሮጠ። ያወቅነው ተረከዙ አብጦ መርገጥ ሲያቅተው ነው። ለምን እንደደበቀ ስንጠይቀው የጠራልን ስም አበበ ቢቂላን ነበር። በባዶ እግሩ ሮጦ ያሸነፈ ጀግና እያለ ስለ ተረከዝ ሕመም ማውራት አሳፍሮታል። ጥፋቱ የእኛም ነው። የአበበን ታሪክ ለልጆቻችን ስንነግር ሮም ላይ ጀምረን እዚያው ሮም ላይ እንጨርሳለን። ስለዚህ ዘንድሮ ቀሪውንም ልንጽፍላቸው ወደድን።

አበበ ነሐሴ 1 ቀን 1924 ዓ.ም. በደብረ ብርሃን አካባቢ፣ ጃቶ በተባለች መንደር ተወለደ። በልጅነቱ ከብት ጠበቀ፤ ጎልምሶም አዲስ አበባ ገብቶ የክቡር ዘበኛ ወታደር ሆነ። ሩጫውን በወግ ያስያዘው ስዊድናዊው አሠልጣኝ ኦኒ ኒስካነን ነው።

ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. (በአውሮፓ አቆጣጠር 1960) የሮም ማራቶን ወደ ማታ ተጀመረ። የተገኘው ጫማ ለእግሩ አልተመቸውም ነበርና በባዶ እግሩ ተሰለፈ። ይህን ያደረገው ግን በድንገት አይደለም፤ ያለ ጫማ መሮጥን በልምምድ የለመደ ሰው ነበር። ፋሺስቶች ከአገራችን ወስደው ባቆሙት የአክሱም ሐውልት በኩል ሲያልፍ የሞሮኮውን ራዲን ጥሎ ወጣ። 2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ በሆነ ጊዜ ለጥቁር አፍሪካ የመጀመሪያውን የኦሊምፒክ ወርቅ አስገኘ። በማግስቱ አገር ቤት እንቁጣጣሽ ነበር።

ከአራት ዓመት በኋላ ለቶኪዮ ሲዘጋጅ ትርፍ አንጀቱን ታሞ ቀዶ ሕክምና ተደረገለት። ስድስት ሳምንት ሳይሞላው፣ ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም.፣ በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ እንደገና አሸነፈ። የኦሊምፒክ ማራቶንን ሁለት ጊዜ በማሸነፍ ከዓለም የመጀመሪያው ሆነ። ያን ቀን የሮጠው ጫማና ካልሲ አድርጎ እንደነበር ልጆቻችን ልብ ይበሉ።

ሦስተኛው ሜክሲኮ ነው። ከውድድሩ በፊት የግራ እግሩን ያመው ጀመር፤ ሲመረመርም አጥንቱ ተሰንጥቆ ተገኘ። ሐኪሞች እስከ ውድድሩ ቀን እግሩን እንዲያሳርፍ መከሩት። ጥቅምት 10 ቀን 1961 ዓ.ም. ተሰለፈ፤ ግን መንገዱን ሳያጋምስ አቋርጦ ወጣ። ወርቁን የወሰደው ጓደኛው ማሞ ወልዴ ነበር። ሁለት ወርቅ ያለው ሰው በዓለም ፊት ማቆሙን እኛ እንደ ሽንፈት አንቆጥረውም። የተሰነጠቀ አጥንት በወኔ አይጠገንም፤ የሚጠግነው የሳምንታት ዕረፍት ነው።

በዚያው ዓመት በመጋቢት ወር የመኪና አደጋ ደርሶበት ከወገቡ በታች ሽባ ሆነ። እንግሊዝ አገር ስቶክ ማንደቪል ሆስፒታል ታከመ፤ በተሽከርካሪ ወንበር ላይ ሆኖም ቀስት በመወርወር ተወዳደረ። ኖርዌይ ሄዶ በበረዶ ላይ የሸርታቴ ውድድር አንደኛ ወጣ። ጥቅምት 15 ቀን 1966 ዓ.ም. በ41 ዓመቱ አረፈ።

ውድ ተማሪዎቻችን፣ ከአበበ ጽናትን ውሰዱ፤ ሕመም መደበቅን ግን ከእርሱ አልተማራችሁም። አንድ ቦታ ላይ ሲነካ የሚያም፣ በሮጣችሁ ቁጥር የሚብስ፣ ቁጭ ስትሉም የማይለቅ ሕመም ካለ በዚያው ቀን ለመምህራችሁና ለወላጆቻችሁ ንገሩ። የጅቡቲ አስፋልት በቀትር ያቃጥላልና በባዶ እግር አትሩጡበት፤ ልምምዳችሁም በማለዳ ይሁን። ወላጆችም የልጆቻችሁ እግር በየጊዜው እንደሚያድግ አስታውሳችሁ ጫማቸውን እያያችሁ ለውጡላቸው። እኛም ከመጪው ዓመት ጀምሮ ልምምድ ሳይጀመር የእያንዳንዱን ሯጭ እግር ልናይ ወስነናል።

ያ ተማሪያችን በስፖርት ቀን አልሮጠም። መጨረሻው መስመር ላይ ቆሞ የጓደኞቹን ሰዓት ያዘልን። አሁን ድኗል፤ በማለዳ ቀስ እያለ ጀምሯል፤ ጫማውም በልኩ ነው።