የሥጋ ደዌን ምክንያት ያገኙት ሐኪም፤ ዶክተር ጌርሃርድ አርማወር ሐንሰን

ከአምቦ፣ ከግንጪና በጭልሞ ደን ዙሪያ ካሉት ቀበሌዎች ተነሥቶ በሥጋ ደዌ ምክንያት ወደ አዲስ አበባ የሚላክ ሕመምተኛ የሚደርሰው በተለምዶ ዘነበወርቅ በሚባለው ስፍራ ወደሚገኘው አለርት ሆስፒታል ነው። በዚያው ቅጥር ግቢ በ1970 የተቋቋመው የአርማወር ሐንሰን የምርምር ኢንስቲትዩት ይገኛል። የተቋሙን ስም የሚያውቁ ብዙዎች ሲሆኑ የስሙን ባለቤት ታሪክ የሚያውቁ ግን ጥቂቶች ስለሆኑ፣ ለአንባብያን ባጭሩ ልናቀርበው ወደድን። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ዶክተር ሐንሰን በ1841 በኖርዌይ አገር፣ በበርገን ከተማ ተወለዱ። በ1866 የሕክምና ትምህርታቸውን ፈጽመው፣ ከሁለት ዓመት በኋላ የሥጋ ደዌ ሕሙማን በበዙባት በትውልድ ከተማቸው ሥራ ጀመሩ። አለቃቸው፣ በኋላም አማታቸው የሆኑት ዶክተር ዳንየልሰን፣ በሽታው በዘር የሚወረስ ነው ብለው ያስተምሩ ነበር። ይህ አሳብ ለእኛም እንግዳ አይደለም። በአገራችንም ለጋብቻ ዘር ሲቆጠር ከቤተ ዘመድ አንዱ በዚህ ደዌ መታመሙ ከተሰማ፣ ጤነኛይቱ ልጅ ሳትዳር ትቀር ነበር።

ሐንሰን ግን በሽታው መቼና በማን ላይ እንደ ታየ እየዞሩ መረመሩ፤ መንግሥት ከ1856 ጀምሮ ያስያዘውንም የሕሙማን መዝገብ አገላበጡ። በዚህም ደዌው ከሰው ወደ ሰው የሚተላለፍ መሆኑን ተረዱ። በ1873 በየካቲት ወር ከሕመምተኛ እባጭ በተወሰደ ሥጋ ውስጥ በትር የሚመስሉ ጥቃቅን ተሕዋስያንን በማይክሮስኮፕ አዩ። በዚያው ዓመት ያገቧቸው ባለቤታቸው ዓመቱ ሳይፈጸም በሳንባ ነቀርሳ ዐረፉ።

ያዩት ባክቴሪያ ከሰው አካል ውጭ በላቦራቶሪ ሊያድግላቸው ስላልቻለ፣ የበሽታው ምክንያት እርሱ መሆኑን ማስረዳት አዳጋች ሆነባቸው። ይህን ማስረጃ ፍለጋ በ1879 የአንዲትን ሕመምተኛ ዐይን፣ ፈቃዷን ሳይጠይቁ፣ ከሌላ ሕመምተኛ በተወሰደ ነገር በስለት ወጉ። በ1880 ፍርድ ቤት ጥፋተኛ ሲላቸው ከሆስፒታል ሐኪምነታቸው ተሻሩ፤ የአገሪቱ የሥጋ ደዌ ዋና የሕክምና ሹምነታቸው ግን አልተነካም። የታላቅ ሰው ታሪክ ሲጻፍ ይህን የመሰለው ነገር ሊደበቅ አይገባም ብለን እናምናለን። ሕሙማንን ከዘር ነቀፋ ነፃ ያወጣ ሰው አንዲቱን ሕመምተኛ እንደ መሣሪያ ቆጥሯታልና፤ ዕውቀት ቢበዛም የድኻን ፈቃድ ለመርገጥ መብት አይሰጥም።

ዶክተር ሐንሰን በ1912 ሲያርፉ፣ በ1856 ሦስት ሺህ ያህል የነበረው የኖርዌይ ሕሙማን ቁጥር ወደ ጥቂት መቶዎች ወርዶ ነበር። የሚያድን መድኃኒት ግን በዘመናቸው አልተገኘም። ዳፕሶንና መሰሎቹ በሥራ ላይ የዋሉት ከ1940ዎቹ ጀምሮ ሲሆን ተስፋውም ታላቅ ነበር። ይሁን እንጂ በ1964 በማላያ መድኃኒቱን የተላመደ ባክቴሪያ መኖሩ ተረጋገጠ፤ በ1970ዎቹም በአለርት የተደረገው ጥናት ይኸው ችግር በኢትዮጵያ መኖሩን አሳየ። ምክንያቱ እንዲህ ነው፤ አንድ መድኃኒት ብቻውን ለረጅም ዘመን ሲሰጥ ወይም ሕመምተኛው ሲያቋርጠው፣ ከሞት ያመለጡት ጥቂት ተሕዋስያን ይራባሉ፤ ከዚያ በኋላ ያ መድኃኒት አያሸንፋቸውም።

ስለሆነም የዓለም ጤና ድርጅት በ1981 ሪፋምፒሲን፣ ክሎፋዚሚንና ዳፕሶን በአንድነት እንዲሰጡ መከረ። ከአንዱ ያመለጠውን ሌላው ያጠፋዋልና። ሕክምናው እንደ ሕመሙ ዓይነት ስድስት ወይም ዐሥራ ሁለት ወር የሚወስድ ሲሆን ለሕሙማን የሚሰጠው ያለ ክፍያ ነው።

ውድ አንባብያን፣ በአገራችን ዛሬም በየዓመቱ ከሁለት ሺህ የሚበልጡ አዲስ ሕሙማን ይገኛሉ። በገላው ላይ ነጣ ወይም ቀላ ያለ፣ ሲነካ የማይሰማው ምልክት ያየ ሰው ሳይውል ሳያድር ወደ ጤና ጣቢያ ይሂድ። ቁስሉ ስለ ሻረ ወይም ጎረቤት እንዳያይ ስለ ታፈረ መድኃኒቱ አይቋረጥ። ያቋረጠ ሰው ደዌው ሊያገረሽበት፣ የተላመደውንም ባክቴሪያ ለቤተ ሰቡ ሊያወርስ ይችላል። ሕክምና የጀመረውን ሕመምተኛ ግን መፍራት አያስፈልግም፤ ደዌውን ማስተላለፉ ብዙም ሳይቆይ ያቆማልና፣ ከማዕድና ከማኅበር የምንለይበት አንዳች ምክንያት የለንም።