አባ ዳኘው እና ባለ 18 ፈረስ ጉልበቱ መኪና

የፈረስን ጥቅም ለአዲስ ቅዳም ሰው መንገር ለቀባሪው ማርዳት ይሆናል። እንግዲያው ሞተር በፈረስ ጉልበት መለካቱም ሊገርመን አይገባም። 75 ኪሎ ግራም ሸክም በ1 ሰከንድ ውስጥ 1 ሜትር ከፍ የሚያደርግ ኃይል 1 የፈረስ ጉልበት ይባላል። በፈረስ ስማቸው አባ ዳኘው የሚባሉት አፄ ምኒልክ፣ 18 ፈረስ በአንድ ሞተር ታስሮ ደጃቸው ድረስ መጥቶላቸዋል።

ምኒልክ ነሐሴ 12 ቀን 1836 ዓ.ም. አንጎለላ ተወለዱ። በልጅነታቸው በአፄ ቴዎድሮስ ተማርከው መቅደላ አደጉ፤ በ1857 ዓ.ም. አምልጠው ሸዋ ገቡ፤ በ1882 ዓ.ም. ነገሡ፤ በ1888 ዓ.ም. አድዋ ላይ ጣልያንን ድል አደረጉ። በዚያ ዘመቻ የፈረስ ውለታ ቀላል አልነበረም። የአገው ፈረሰኞች ማኅበር እንጅባራ ላይ ጥር 23 ቀን በዓሉን ሲያከብር የሚያስበው ይህንኑ ነው። የቀረውን ሁላችንም ስለተማርነው አላረዝመውም።

እኔን ይበልጥ የሚገርመኝ ግን ሌላ ነው። ምኒልክ ከመኪናው በፊት ያሰቡት ስለ መንገዱ ነበር! ከአዲስ አበባ አዲስ ዓለም የሚወስደውን መንገድ አሠሩ። ሰርኪስ ተርዚያን የተባለ አርመናዊ በእንፋሎት የሚሠራ የመንገድ መዳመጫ አስመጣላቸው። ሕዝቡም የሰርኪስ ባቡር አለው። በዚህ መኪና እሳቱ የሚነደው ከሲሊንደሩ ውጭ ነው፤ ውሃው ፈልቶ እንፋሎቱ ፒስተኑን ይገፋል። በቤንዚን ሞተር ግን እሳቱ ሲሊንደሩ ውስጥ ይፈነዳል፤ ስለዚህ ማሞቂያ ጋን መሸከም ቀረለትና ቀለል አለ።

ይህ ቀለል ያለው ዓይነት አዲስ አበባ የገባው በ1900 ዓ.ም. ነው። ያመጣው ቤድ ቤንትሊ የተባለ እንግሊዛዊ ሲሆን፣ የቤንትሊን መኪና ፋብሪካ ከመሠረተው ሰው ጋር እንዳይምታታብን። መኪናው ሲድሊ የሚባል፣ 18 የፈረስ ጉልበት ያለው ነበር። ከጂቡቲ ጀምሮ በረሃውንና ዳገቱን ሲያቋርጥ ሞተሩ ያልቻለውን ቦታ በሰው ጉልበት እየተጎተተ አለፈ። ንጉሡም ተሳፈሩበት።

አሁን አንዳንዶቻችን በፊልም አይተን የምናደንቀውን የአሜሪካ ባለ ጡንቻ መኪና እናስተያየው። በ1964 እ.ኤ.አ. የወጣው ፖንቲያክ ጂቲኦ መካከለኛ አካል ላይ የትልቅ መኪና ሞተር የተገጠመለት ነው። 8 ሲሊንደሮቹ አራት አራት ሆነው በቪ ቅርጽ ተደርድረዋል፤ ይዘታቸው 6.4 ሊትር፣ ጉልበቱ 325 ፈረስ። ሲድሊን 18 ጊዜ ያጥፈዋል ማለት ነው። ታዲያ ቤንትሊ ይህንን ቢያመጣው ኖሮ ምን ይፈይድለት ነበር? ጭቃው ውስጥ ጎማውን እያሽከረከረ ይቀር ነበር እንጂ! ጉልበት መሬት ካልቆነጠጠ ከንቱ ነው፤ ለዚህም ይመስለኛል አባ ዳኘው መዳመጫውን ያስቀደሙት።

በመኪናው ብዙም አልተደሰቱም፤ ወዲያው ሕመም ጸናባቸው። ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ዓ.ም. አረፉ። በ1886 ዓ.ም. የፈቀዱት የጂቡቲ ባቡር አዲስ አበባ የደረሰው በ1909 ዓ.ም. ነው፤ እሳቸው አላዩትም።