ኡልፍ ቮን ኦይለር፦ የሳንባን የተገላቢጦሽ ጠባይ ያየው ስዊድናዊ

(ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)

ሰውየው ከሳይንስ ቤት ነው የወጣው። በ1905 ስቶክሆልም ሲወለድ እናቱ አስትሪድ ክሌቭ በስዊድን በተፈጥሮ ሳይንስ ዶክትሬት የያዘች የመጀመሪያዋ ሴት ነበረች። አባቱ ሃንስ ደግሞ በ1929 የኬሚስትሪ ኖቤል ወሰደ። ልጁ ግን ህክምና መረጠ።

ወጣት እያለ ለንደን ሄዶ በ1931 ከጆን ጋደም ጋር ሰብስታንስ ፒ የተባለውን ንጥረ ነገር አገኘ። ወደ ሀገሩ ተመልሶም በወንድ ዘር ፈሳሽ ውስጥ የደም ግፊት የሚያወርድ ነገር አየ። ከፕሮስቴት እጢ የሚመነጭ መስሎት በ1935 ፕሮስታግላንዲን ብሎ ሰየመው። በኋላ ሲታይ መላው ሰውነታችን ነው የሚያመርተው። ስሙ ግን በዚያው ቀረ።

ለእኔ ትልቁ ዓመቱ 1946 ነው። ከዮራን ሊልየስትራንድ ጋር ሆኖ ድመቶች ኦክስጅን ያነሰው አየር እንዲተነፍሱ አደረገና በሳንባቸው የደም ቧንቧ ያለውን ግፊት ለካ። ግፊቱ ጨመረ። ነገሩ ግራ ያጋባል፤ ሌላው የሰውነት ክፍል ኦክስጅን ሲያጣ ደም ስሩን ያሰፋል እኮ! ሳንባ ግን ያጠባል። ለምን? አየር በደንብ ያልደረሰውን ጥግ ዘግቶ ደሙን አየር ወዳለበት ለመላክ ነው። በቀዶ ህክምና ጊዜ አንዱ ሳንባ ብቻ እንዲተነፍስ ሲደረግ የታካሚው ደም ኦክስጅን እንዳያጣ የሚረዳው ይሄው ጠባይ ነው። ችግሩ ከፍተኛ ተራራ ላይ ነው። እዚያ ሳንባው በሙሉ ኦክስጅን ስለሚያንሰው ቧንቧዎቹ በየቦታው ይጠባሉ፣ ግፊቱ ያሻቅባል፣ አንዳንዱ ሰው ሳንባው ውሃ ይቋጥርና ለሞት ይደርሳል።

በዚያው በ1946 ነርቮች መልዕክት የሚያስተላልፉበት ኬሚካል ኖርአድሬናሊን መሆኑን አሳየ። የ1970ውን ኖቤል ከሁለት ሰዎች ጋር የተካፈለው በዚህ ነው እንጂ በሳንባው ወይም በፕሮስታግላንዲን አይደለም።

ሁለቱን ግኝቶቹን ያገናኟቸው ሌሎች ናቸው። በ1971 እንግሊዛዊው ጆን ቬን አስፕሪንና መሰሎቹ ፀረ-ብግነት መድኃኒቶች የሚሠሩት ፕሮስታግላንዲን እንዳይመረት በማገድ እንደሆነ አሳየ። ዛሬ ከፋርማሲ የምንገዛው አይቡፕሮፌንና ዳይክሎፌናክም እንደዛው ናቸው። ታዲያ ተመራማሪዎች ጠየቁ፦ ሳንባን የሚያጠበው ፕሮስታግላንዲን ከሆነ፣ እነዚህ መድኃኒቶች መጥበቡን ያስቆሙት ይሆን? በ1970ዎቹ በውሾች ላይ ሲሞከር የሆነው ተቃራኒው ነው። መድኃኒቱን የወሰደው ሳንባ ኦክስጅን ሲያንሰው ጭራሽ ባሰበት፤ ይበልጥ ጠበበ። ምክንያቱም ከፕሮስታግላንዲን ቤተሰብ ውስጥ ቧንቧ የሚያሰፉ አሉ፣ መጥበቡን እንደ ፍሬን ይይዙታል። መድኃኒቱ ፍሬኑን ነው ያነሳው። በ1976 የተገኘው ፕሮስታሳይክሊን ከነዚህ አንዱ ሲሆን ዛሬ በሳንባ የደም ግፊት ለሚሰቃዩ ሰዎች መድኃኒት ሆኖ ይሰጣል። (ይሄን አንብባችሁ ሐኪም ያዘዘላችሁን ክኒን እንዳታቆሙ!)

ቮን ኦይለር የድሮ ቅምሞቹን ለሱነ በርግስትረም ሰጥቶት ነበር፤ በርግስትረምም ለዓመታት ለፍቶ ፕሮስታግላንዲንን አጣርቶ አወጣ። በታህሳስ 1982 በርግስትረም፣ ሳሙኤልሰንና ቬን በፕሮስታግላንዲን ሥራቸው ኖቤል ተቀበሉ። ስሙን ያወጣለት ሰው በሦስተኛው ወር፣ በመጋቢት 1983፣ እዚያው ስቶክሆልም በ78 ዓመቱ አረፈ።