የነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ ሕይወት

የመቱና የጎሬ ነጋዴ ቡናውን በበቅሎ ጭኖ ወደ ጋምቤላ ሲያወርድ፥ በክረምትም ባሮ ሲሞላ በመርከብ ወደ ሱዳን ሲሰድ በነበረበት ዘመን፤ በምሥራቁ የአገር በር በድሬዳዋ ስለዚሁ ንግድ አጥብቀው የሚያስቡ አንድ ሰው ነበሩ። እርሳቸውም ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ ናቸው።

ገብረ ሕይወት በ1878 ዓ.ም. በዓድዋ አጠገብ ተወለዱ። በልጅነታቸው ወደ ኤርትራ ተሻግረው በምጥዋ አቅራቢያ በምንኩሉ በስዊድን ሚሲዮን ተማሩ። ከዚያም በመርከብ ወደ ኦስትርያ ሄዱ፤ በዚያም አንድ ባለጸጋ ቤተ ሰብ እንደ ልጁ አድርጎ አሳደጋቸው። በበርሊንም ሕክምና ተማሩ። ወደ አገራቸው ተመልሰው ዳግማዊ ምኒልክን በጸሐፊነትና በአስተርጓሚነት አገለገሉ። ንጉሠ ነገሥቱ ታመው ቤተ መንግሥቱ በታወከ ጊዜ ግን ተሰደዱ። «አጤ ምኒልክና ኢትዮጵያ» የሚለው ጽሑፋቸው እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1912 በአሥመራ ታተመ፤ በዚያም የመንግሥቱን ሥራት ጉድለት ሳይፈሩ ገለጹ። እንዲህ ያለ ድፍረት በዚያ ጊዜ በቀላል የሚገኝ አልነበረም።

ከስደት ከተመለሱ በኋላ የምድር ባቡር ተቆጣጣሪ ሆነው ተሾሙ። ሐዲዱ ከጅቡቲ ተነሥቶ በ1895 ዓ.ም. ሐረርን በተራራው ምክንያት ትቶ ወደ ቆላው ዘለቀ፤ በዚህም ድሬዳዋ ተቆረቆረች። 784 ኪሎ ሜትር ተጕዞ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. ነው። ቀጥሎም ገብረ ሕይወት የድሬዳዋ ነጋድራስ ሆኑ። ነጋድራስ ቀረጥ ከማስከፈሉ በላይ የነጋዴውን ክርክር የሚዳኝ፥ በከተማውም ሥልጣኑ የተፈራ ሹም ነበር።

በዚያ ሹመት ሳሉ ወደ ባሕር የሚወርደው ፉርጎ ቡናና ቆዳ ጭኖ፥ የሚመለሰው ደግሞ በውጭ አገር የተሠራ ጨርቅና ዕቃ ይዞ ሲያልፍ ያዩ ነበር። በ1900 ዓ.ም. ከፈረንሳይ ጋር የተደረገው ውል ከውጭ ዕቃ የሚወሰደውን ቀረጥ ከመቶ 10 እንዳይበልጥ ስለ ወሰነ፥ ነጋድራሱ የአገሩን ሠራተኛ እጅ ሥራ በቀረጥ ሊጠብቁ አይችሉም ነበር። «መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር» በሚለው መጽሐፋቸው የሀብት ምንጭ ሥራ እንደ ሆነ አስረዱ፤ ጥሬ ዕቃ ሸጦ የተሠራ ዕቃ የሚገዛ ሕዝብ ብዙ ደክሞ ጥቂት እንደሚያገኝም ገለጡ። ባቡሩ በራሱ አገር ያበለጽጋል ብለው አላመኑም፤ ዕውቀት የሌለው ሕዝብ በባቡር ቢጭን የሚጠቅመው ገዢውን ነው ብለው ያስቡ ነበር። የበቅሎ ጭነት ዋጋ የሚያውቅ የኢሉባቦር ነጋዴ ይህን ነገር ያለ አስተርጓሚ ይረዳዋል።

ነጋድራስ ገብረ ሕይወት በ1911 ዓ.ም. በ33 ዓመት ዕድሜ ገደማ ዐረፉ። ያ መጽሐፍ በአዲስ አበባ የታተመው በ1916 ዓ.ም. ነው፤ እርሳቸው ታትሞ አላዩትም።