ኡም ኩልሡም፤ ድምፅዋና የዘመንዋ መሣሪያዎች

ስለ ታላላቅ ድምፃውያን በተጻፈ ቁጥር የተፈጥሮ ስጦታቸው ይወደሳል፤ ድምፃቸውን ከአፋቸው ተቀብሎ ለሕዝብ ያደረሰው መሣሪያ ግን እምብዛም አይነሣም። የግብፃዊቷ ድምፃዊትና የፊልም ተዋናይ የኡም ኩልሡም ሕይወት ሁለቱን አጣምሮ ለመመልከት የተመቸ ነው። እርሷ በሸክላ፣ በፊልም፣ በራዲዮና በማግኔት ቴፕ ተራ በተራ ሠርታለች፤ እያንዳንዱም መሣሪያ የራሱን ወሰን በጥበቧ ላይ ጥሎባታል። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮጳ አቆጣጠር ናቸው።)

ኡም ኩልሡም በ20ኛው መቶ ዓመት መባቻ በናይል ደለል ምድር፣ በደቀህሊያ አውራጃ፣ ጠማይ በምትባል አነስተኛ መንደር ተወለደች። አባቷ የመንደሩ መስጊድ ኢማም ሲሆኑ፣ የኑሮ ድጎማ ያገኙ ዘንድ በየሠርጉና በየበዓሉ መንፈሳዊ ዜማ ያዜሙ ነበር። ልጃቸውም ከወንድሟ ጋር ሲያጠኑ እየሰማች ዜማውን ቃል በቃል ያዘች። ሴት ልጅን በአደባባይ ማዘፈን እንደ ነውር ይቆጠር ስለ ነበር አባቷ የወንድ ልጅ ልብስ እያለበሱ ይዘዋት ይዞሩ ጀመር። የቁርአን ንባብ ያስተማራት ጥርት ያለ የቃል አወጣጥ እስከ መጨረሻው የዘፈኗ መለያ ሆኖ ቀረ።

በ1920ዎቹ መጀመሪያ ቤተሰቡ ወደ ካይሮ ተዛወረ። በዚያም ባለቅኔው አሕመድ ራሚና የዑድ ሊቁ ሙሐመድ አል ቀሰብጊ የሥራ ባልደረቦቿ ሆኑ። የሸክላ ኩባንያዎችም ወዲያው ፈለጓት። ይሁን እንጂ በደቂቃ 78 ጊዜ የሚዞረው ሸክላ በአንድ ገጹ የሚይዘው ከሦስት እስከ አራት ደቂቃ ተኩል የሚደርስ ድምፅ ብቻ ነበር። አንድን ስንኝ አሥር ጊዜ በአሥር ዓይነት ስሜት ለመመላለስ ለሠለጠነ ድምፅ ይህ ጠባብ ቤት ነው። ቢሆንም በ1920ዎቹ አጋማሽ ማይክሮፎን የቀረጻውን ቀንድ ተክቶ ሲመጣ የድምፅዋ ዝርዝር በጉልህ ይሰማ ጀመር፤ በ1928 ያወጣችው «ኢን ኩንት አሳሚሕ» የተሰኘው ዘፈንም በከፍተኛ ቁጥር ተሸጠ።

ቀጥሎ የመጣው ፊልም ነበር። በጠልዐት ሐርብ አነሣሽነት በባንክ ምስር የተቋቋመው ስቱዲዮ ምስር የመጀመሪያ ረዥም ፊልሙን «ዊዳድ»ን በ1936 ሲያቀርብ ዋናዋ ተዋናይ እርሷ ነበረች። ከዚያም «ነሺድ አል አመል» በ1937፣ «ደናኒር» በ1940፣ «ዓይዳ» በ1942፣ «ሰላማ» በ1945፣ «ፋጢማ» በ1947 ተከተሉ። በሦስቱ የጥንት ዘመን አዝማሪት ባሪያ ወይም የቤተ መንግሥት ድምፃዊት ሆና ስትታይ፣ በ«ፋጢማ» ለመብቷ የምትሟገት ነርስ ሆና ቀርባለች። ፊልም ፊቷን አይተው ለማያውቁት ሚሊዮኖች አሳያቸው፤ በ«ሰላማ» ውስጥ ዘከሪያ አሕመድ የደረሰላትን ዜማ የመሰሉ አጫጭርና ተወዳጅ ዘፈኖችንም አተረፈ። ነገር ግን ለካሜራ መሥራት አድማጭን ከፊቷ አራቀባት። ብርቱው የስቱዲዮ መብራትም ዓይኗን አስቸገራት። ከስድስቱ ፊልሞች በኋላ ወደ ካሜራ አልተመለሰችም።

ለተፈጥሮዋ የተስማማው መሣሪያ ራዲዮ ሆነ። የግብፅ መንግሥት ራዲዮ በግንቦት 1934 ሥራውን ሲጀምር በመክፈቻው ከዘፈኑት አንዷ ነበረች። ከዚያ ወዲህ በየወሩ የመጀመሪያ ሐሙስ ማታ የምታቀርበው ትርዒት በቀጥታ ይሰራጭ ጀመር። የሸክላው ሰዓት ገደብ በዚህ ተነሣ፤ አንድ ዘፈን ከአንድ ሰዓት በላይ ሊዘልቅ ቻለ፤ አዳራሹ «ይደገም» ባለ ቁጥር ስንኙ አዲስ ሆኖ ይመለሳል። ሙያችን እዚህ ላይ አንድ ነገር ያስታውሰናል። የመካከለኛ ሞገድ ስርጭት ቀን ቀን ከምድር ጋር ተጠግቶ በአጭር ርቀት ይቀራል፤ ሲመሽ ግን ከላይኛው የከባቢ አየር ክፍል ተንጸባርቆ እጅግ ሩቅ ይደርሳል። ትርዒቷ የሌሊት ስለ ነበር የተፈጥሮ ሕግ ራሱ አገዛት፤ ከካይሮ ብዙ ርቀው የሚኖሩ አድማጮችም በየተቀባያቸው ዙሪያ ተሰበሰቡ።

በማኅበር ለተደራጀን ባለሙያዎች ሊዘነጋ የማይገባው ሌላው ገጽታዋ የሙዚቀኞች ማኅበር ሊቀ መንበር ሆና ለዓመታት ማገልገሏ ነው። ውሏን በጥንቃቄ የምትዋዋል፣ የድካሟን ዋጋ የምታውቅ ሴት ነበረች። ጠንካራነቷ ግን ሌሎችን ማስከፈሉ አልቀረም። ለዘፈኗ አዲስ መንገድ የቀየሰው አል ቀሰብጊ ከ1940ዎቹ ማለቂያ ጀምሮ ድርሰቱ ተቀባይነት ሲያጣ፣ እስከ ሞተበት እስከ 1966 ድረስ ከጀርባዋ ተቀምጦ የሌሎችን ዜማ በዑዱ ሲያጅብ ኖረ። የቀየሰውን መንገድ ሌሎች ሲሠሩበት ያየ መሐንዲስ ሁሉ የዚህን ሰው ዝምታ ያውቀዋል።

በ1964 ለረጅም ጊዜ ተፎካካሪዋ ሆኖ ከኖረው ከሙሐመድ ዐብደል ወሃብ ጋር በ«ኢንተ ዑምሪ» ተባበረች፤ በዚህም የኤሌክትሪክ ጊታር ከባህላዊው ዜማ ጋር ተቀላቀለ። በ1966 ሪያድ አስ ሱንባጢ የደረሰላትን «አል አጥላል» ዘፈነች። ከ1967ቱ ጦርነት ሽንፈት በኋላም በፓሪስ ኦሎምፒያ አዳራሽና በብዙ የዐረብ አገሮች ዘፍና ያገኘችውን ገንዘብ ለአገሯ ሰጠች። በየካቲት ወር 1975 በካይሮ አረፈች፤ የካይሮን ጎዳናዎች ያጥለቀለቀ ሕዝብም ሸኛት።

ትርዒቶቿ በቴፕ ስለ ተያዙ የአንድ ዘፈን ልዩ ልዩ ሌሊቶች ዛሬም ይሰማሉ። አንዱ ቀረጻ ከሌላው የሚለየው በዚያች ሌሊት አዳራሹ ውስጥ የነበረው ሰው ስለ ተለየ ነው። መሣሪያውን የሠሩት ባለሙያዎች ስም በሸክላው ሽፋን ላይ አልተጻፈም፤ ሥራቸው ግን በድምፅዋ ውስጥ አለ። መሣሪያ ለሰው የሚመጥነው ሰውን በራሱ ልክ ሲያሳጥር ሳይሆን እንደ ራዲዮው ለሰው ጥበብ ቦታ ሲለቅ መሆኑን የኡም ኩልሡም ሥራ ያስተምረናል።